እሑድ እንድትመጣ ብለው ነበር

መምህር ሉቃስን ወረታ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ተማሪው ሁሉ «ማንን» ነው የሚለው። «ማንን መጣ»፣ «የማንን ፈተና አይቻልም»፣ «ማንን ዛሬ ተላጭቷል»። ስሙ የወጣለት ከአፉ ከማይለየው ጥያቄ ነው። ተማሪ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሲያሳየው፣ ቀዩን እስክሪብቶ ገላጩ ቃል ላይ ያሳርፍና «ይኸ ቃል ማንን ነው የሚገልጸው?» ይላል። ልጁ ካላወቀ አይነግረውም። ወረቀቱን ይመልስለታል፣ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ወደ ወንበሩ ይሄዳል።

ነበር ማለቴ ነው። ካለፈው ሰኔ ወዲህ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ሆኗል። «ምን ልትል ፈልገህ ነው?» ይላል፤ እስክሪብቶው ኪሱ እንዳለ። ልጁ በአማርኛ እየተንተባተበ የፈለገውን እስኪነግረው ይጠብቃል። ስሙ ግን አልተቀየረለትም፤ አንዴ የወጣ ቅጽል ስም እንኳን በአንድ ሰኔ በአሥር ሰኔም አይለቅም።

እኔ አያልነህ እባላለሁ። እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አማርኛ ማስተማር ማለት ሰው ሁሉ «ይኸማ ምኑ ይማሩታል?» የሚለውን ነገር ሲያስተምሩ መኖር ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎችን እምብዛም አልወድም። ስብሰባ ላይ ሲነሡ እንኳ አማርኛውን ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ ነው የሚናገሩት። ሉቃስን ግን ወደድኩት። እሱ በእንግሊዝኛው ኮርቶ አያውቅም፤ የሚኮራው በቃል ቦታ ነበር። እያንዳንዱ ቃል ቤት አለው፣ ቤቱ ካልገባ ሰው ቤት ገብቶ ይረብሻል ባይ ነው።

ምሳ ላይ ሳይቀር ያርመናል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ካለችው ምግብ ቤት ገብተን፣ አስተናጋጇ «ሽሮ ብቻ ነው ያለን» ስትል፣ እሱ እጁን ሳይታጠብ «አየህ አያልነህ» አለኝ። «‹ሽሮ ብቻ አለን› ብትል ሌላ ምግብ የለም ማለት ነው። ‹እኛ ብቻ ሽሮ አለን› ብትል ደግሞ ወረታ ውስጥ ሌላ ሽሮ ቤት የለም ማለት ነው። ‹ብቻ› የምትባለዋ ቃል አንድ እግሯን ፈቀቅ ስታደርግ አገር ይቀየራል። እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ ይብሳል።»

«ሽሮው ይብረድልህ» አልኩት።

ክፍል ውስጥ ግን ጎበዝ ነበር፤ ይኼን ማንም አይክድም። ልጆቹ ከፎገራ ሜዳ የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። አንዷ «ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ የጎረቤታችንን በሬ አየሁ» ልትል ፈልጋ፣ «ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ» የሚለውን እንግሊዝኛ ወስዳ በሬው አጠገብ ለጠፈችው። ሉቃስ ምንም ሳይናገር ሰሌዳው ላይ ደብተር በብብቱ የያዘ በሬ ሳለ። የፎገራ በሬ፣ ሻኛው የተቆለለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ልጅቷም ከዚያ በኋላ እድሜዋን ሙሉ እንዲህ አትሳሳትም። ስታለቅስ ግን እኔ ከመስኮቱ ውጭ ሳልፍ አይቻታለሁ፤ እሱ አላያትም፣ ሻኛውን ጠመኔ እየቀባ ነበር።

ነጠላ ሰረዝንም እንደዚሁ ነው የሚያስተምረው። «ሩዝ የሚዘሩት የፎገራ ገበሬዎች ደህና ኑሮ ይኖራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፍና፣ መካከል ላይ ያለውን ሐረግ አንዴ በሁለት ኮማ ያጥረዋል፣ አንዴ አጥሩን ያፈርሰዋል። አጥር ካለው ገበሬው ሁሉ ሩዝ ይዘራል፣ ገበሬው ሁሉ ደህና ይኖራል ማለት ነው። አጥሩ ከፈረሰ ደህና የሚኖሩት የሩዞቹ ብቻ ናቸው። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ የኛ አባት ጓያ ነው የዘራ» አለው። ሉቃስ «አንተማ ኮማውን ስታጠፋ ነው የምትራበው» ብሎ አሳቀበት። እንዲህ ነበር ሰውየው። ክፉ አልነበረም፤ ልክ መሆን ከሁሉ ነገር ይቀድምበት ነበር።

ይኼንን ልክ የመሆን ነገር ያመጣው ከፈረንጅ መጽሐፍ አይደለም። ከአባቱ ነው።

አባቱ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ከይፋግ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ሜዳው ላይ ባለች ደብር ንባብና ዜማ ያስተምሩ ነበር። ንባብ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ግዕዙን መቁጠር ብቻ አይበቃም። የሚወድቀውን ቃል መጣል፣ የሚነሣውን ማንሣት፣ የሚቆምበት ላይ መቆም፣ የማይቆምበት ላይ ትንፋሽ ቢያልቅም አለመቆም ነው። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት። ተማሪው ያለ ቦታው ከቆመ ዓይናቸውን አይገልጡም፤ አርጩሜያቸው ግን ልጁ የተቀመጠበትን ታውቀዋለች። ሉቃስም ከዚያች አርጩሜ አላመለጠም። እንዲያውም የእሱ ይብሳል፤ ለልጃቸው አደሉ እንዳይባሉ። አባቱን «አባባ» ብሎ ጠርቶ አያውቅም። እንደ ተማሪው ሁሉ «የኔታ» እንዲል ታዞ ነው ያደገ። «አባባ» የምትለው ታናሽ እኅቱ ማርያማዊት ብቻ ነበረች።

ኋላ ይፋግ የቀን ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያም እያለ እያለ ባሕር ዳር ተምሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነና ወረታ ተመደበ። መሪጌታ ወንበራቸውን የሚተካ ልጅ ነበር የሚፈልጉት። ቅር እንዳላቸው ሉቃስ ያውቃል፤ እሳቸው ግን አንድ ቀንም አልተናገሩም። ሉቃስ ሚስት አገባ፣ ወለደ፣ ወረታ ቤት ሠራ። ለበዓል ለበዓል ይሄድ ነበር። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ርብ ድልድይን ተሻግሮ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከዚያ በባጃጅና በእግር። አባትና ልጅ በልተው ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ሉቃስ ጉልበት ስሞ ይመለሳል።

ከዚያ ያቺ የጥምቀት ሰሞን መጣች። ይኼን ሉቃስ ራሱ ነው የነገረኝ፤ መጀመሪያ እንደ ቀልድ፣ ኋላ ላይ እንደ ሌላ ነገር። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ወደ ጣራ ገዳም የሚሄዱ ፈረንጆች መንገድ ላይ ስለ ደብሯ የጥንት ሥዕል ሰምተው ጎራ አሉ። ካህናቱ ወጡ፣ ተማሪው ተኮለኮለ። ሉቃስም ለበዓል መጥቶ ስለነበር አስተርጓሚ ሆነ። ሥዕሉ ታይቶ ሲያበቃ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ከመካከል ወጥተው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረጉ፤ በእንግሊዝኛ ተናገሩ።

ቀን ቀን ይፋግ ከሚማር አንድ ዲያቆን ተማሪያቸው ነበር የለመዷት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አባት ነኝ» ሊሉ ነው። ልጃቸውን በእጃቸው እያመለከቱ፣ እንደ ዳዊት ንባብ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አይ አም ፋዘር ኦፍ ኢንግሊሽ» አሉ፤ እዚህ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ። ከዚያ «ቲቸር» አሉ።

ፈረንጆቹ ፈገግ ብለው እጅ ነሡ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ሉቃስ ግን አላስቻለውም። «የኔታ፣ እዚያ ላይ አይቆምም» አለ። «‹ኢንግሊሽ› ላይ ሲቆሙ የእንግሊዝኛ አባት ሆኑ እኮ። እንግሊዝኛን የወለዱ እርስዎ ነዎት ማለት ነው!»

ተማሪው ሳቀ። ዕድሜያቸውን ሙሉ «እዚያ ላይ አይቆምም» ሲሉ የኖሩ ሰው፣ በአርጩሜያቸው ባሳደጓቸው ልጆች ፊት እዚያ ላይ አይቆምም ተባሉ። መሪጌታ ልጃቸውን ትንሽ ሲያዩት ቆዩና «እሽ፣ የኔታ» አሉት።

ሉቃስ ያን ቀን ነገሩ አልገባውም፤ ቀልድ መስሎት አብሮ ሳቀ። የገባው ለትንሣኤ ሲሄድ ነው። አባቱ ቤተ ክርስቲያን ናቸው ተባለ፤ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጡም። በሚቀጥለው በዓልም እንደዚያው። ከማርያማዊት እንደሰማው የቆሎ ተማሪዎቹ «አባ እንግሊዝኛ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ አንድ ቀን በጓሮ በኩል ሲያልፉ በጆሯቸው ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ ሉቃስ ሲመጣ መቋሚያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ። እሱም ተቀየመ። «ያረምኩት ስሕተት ነው፣ ሰው አይደለም» ይለኝ ነበር። እኔም ጅል ነህ እለው ነበር። አንተ አማርኛ አስተማሪ ስለሆንክ ስሕተት ትንቃለህ ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረበት።

ያለፈው ሰኔ፣ የፈተና እርማት ጊዜ ነበር። ዝናቡ ገብቷል፣ ሜዳው ጥቁር ጭቃ ሆኗል፣ ገበሬው ሩዙን እየዘራ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከመምህራን ማረፊያው ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ወረቀት ስናርም የሉቃስ ስልክ ጮኸ። ማርያማዊት ናት። እነሱ መንደር ኔትወርክ ብዙ ጊዜ የለም፤ ለመደወል ወደ ይፋግ መውጣት አለባት። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ሉቃስ እንደ ሁላችንም የሚሰማውን እየደገመ ይጮኻል።

«ደህና ነን? እሽ። አባባ ምን? ትንሽ ደከም? እሽ፣ እሽ። ምን አልሽ? እሑድ እንድትመጣ ብለው ነበር?»

እዚህ ላይ ተቆረጠ። መልሶ ቢደውል ያቺ ሁላችንም የምናውቃት ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለችው። ስልኩን አስቀመጠና ዞሮ አየኝ።

«‹አባባ እሑድ እንድትመጣ ብለው ነበር› አለችኝ» አለ። «ጠሩኝ አያልነህ። የኔታ ጠሩኝ።»

ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ወረቀቱን ሁሉ ሰብስቦ ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ።

«ታመው እንዳይሆን» አልኩት።

«ደከም ብለዋል ነው ያለችኝ። የሐዋርያት ጾም አይደል? በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ለምን አይደክሙም?» አለና ወደ ሌላ ሐሳብ ሄደ። «እሑድ ባዶ እጄን አልሄድም። ይቅርታ ነው የምጠይቅ። ሽማግሌ ሁነኝ።»

«እሑድ? እሑድ ይመቸኛል» አልኩ።

«ድንጋይም እሸከማለሁ» አለ።

የአገሩ ወግ ነው። አባቱን የበደለ ልጅ ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይሄድና ከእግራቸው ሥር ይደፋል። ድንጋዩን ከጫንቃው የሚያነሡለት የተበደሉት ናቸው። ካነሡለት ይቅር ብለዋል ማለት ነው። እኔ ግን ማሾፍ አመሌ ነውና «ፎገራ ሜዳ ላይ ድንጋይ ከየት ታገኛለህ? ዋልካ ልትሸከም ነው?» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እዚያ ታች ለልጅ መጫወቻ የሚሆን ጠጠር እንኳ አይገኝም።

«ከዚሁ ይዤ እሄዳለሁ» አለ።

ረቡዕ ዕለት አስፋልት ከሚሠራበት ዳር አንድ ደህና ጥቁር ድንጋይ መርጦ አመጣና ከማረፊያው በር ጀርባ አስቀመጠው። ለየኔታ ነጭ ጋቢ ገዛ። የነፍስ አባቱን ለምኖ ሁለተኛ ሽማግሌ አደረጋቸው። ሐሙስና ዓርብ ወረቀቱን ሲያርም ዋለ፤ እሑድ ሳይጨነቅ እንዲሄድ። አርሞ ሲደክመው ለአባቱ የሚለውን ነገር ይለማመዳል። «‹የኔታ፣ ይማሩኝ› ልበል ወይስ ‹አባባ፣ ይማሩኝ›?» ይለኛል። ቃሉን ቦታ ቦታውን ሲያስይዝ ሳምንቱ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ያ እንግሊዝኛውን ያስለመዳቸው ዲያቆን ከይፋግ ደወለ። መሪጌታ ዓርብ ማምሻውን ዐርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ነው።

ሉቃስ ቤቴ የመጣው ድንጋዩን ታቅፎ ነበር።

«አሁን ምን ልታደርግበት ነው?» አልኩት።

«ይዤ እሄዳለሁ ብያለሁ» አለ። 

በሚኒባስ ይፋግ ደረስን። ባጃጁ ጭቃው እስከፈቀደለት ሄደና አቃተኝ አለ፣ ወረድን። ሉቃስ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አወጣው። ጫማችንን ዋልካው እየነጠቀን፣ እሱም አንዴ እየተንሸራተተ አንዴ እየቆመ፣ እኔ ላግዝህ ስለው እንቢ እያለ ደብሯ ደረስን። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ጉድጓዱ እየሄደ ነበር። ሰዉ ዞር ብሎ ሲያየን መንገድ ለቀቀልን። ከኋላዬ አንዲት ሴት «እዩት፣ ለመቃብራቸው ድንጋይ ተወረታ ድረስ ተሸክሞ መጣ። ይባረክ» ስትል ሰማኋት።

ሉቃስ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ በጉልበቱ ተደፋ። ድንጋዩ ጫንቃው ላይ ነው። አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። ጉድጓዱን የቆፈረው ሰውዬ ባካፋው አፈሩን ጨርሶ ሲመልስ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከጫንቃው አነሣለት። «እግዜር ይስጥህ፣ ለራስጌው ይሆናል» አለና ወስዶ ራስጌው ላይ ተከለው። ያን ጊዜ ነው ሉቃስ የጮኸው። እኔም አለቀስኩ፤ ለመሪጌታ ሳይሆን ለእሱ።

ከቀብር ተመልሰን ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ድንኳኑ ላይ ዝናብ ይንጣጣል። ሰዉ ትንሽ ቀለል ሲል ማርያማዊት መጥታ ከወንድሟ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። እንባዋ ያለቀ ይመስል ድምፅዋ ደረቅ ነው።

«አሁን መጣህ ወንድም ዓለም?» አለችው።

«ነገ ልመጣ ነበር። አያልነህ ምስክሬ ነው። ሽማግሌ ይዤ፣ ለነገ ተዘጋጅቼ...»

«ለነገ?»

«እሑድ እንድትመጣ ብለዋል አላልሽኝም? ነገ አይደል እሑድ?»

ማርያማዊት ነገሩ እስኪገባት አየችው። እኔ ግን ከእሷ በፊት ገባኝ።

«እሑድማ እሳቸው የተናገሩ ጊዜ ነው» አለች። «እሑድ ተቅዳሴ ተመልሰው መደቡ ላይ ጋደም አሉና፣ ‹ሉቃስን ይምጣ በይው› አሉኝ። ሰኞ ኔትወርክ አጣሁ። ማክሰኞ ይፋግ ወጥቸ ነገርሁህ። ‹ነግሬዋለሁ አባባ፣ ዛሬ ማታ ይመጣል› አልኋቸው። ረቡዕ በሩን ክፈችው አሉኝ፣ ዝናቡ ይግባ ግዴለም አሉ። ሐሙስም እንዲያው ተከፍቶ ዋለ። ሲያዩ፣ ሲያዩ... እኔ አኩርፎ ቀረ ነው ያልሁ። እንዲህ መሆኑን መች አውቄ?»

«ነገ እንድመጣ የተባልኩ መስሎኝ ነው እኮ።»

«አይዶለም። እሑድ ነው ያሉት። ያለፈው እሑድ።»

የሉቃስ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁና ጠጋ ብዬ አዳመጥኩት። ያችን ዓረፍተ ነገር ነው የሚያነባት። «እሑድ፣ እንድትመጣ ብለው ነበር» ይላል። ቀጥሎ «እሑድ እንድትመጣ፣ ብለው ነበር» ይላል። ሰረዙን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ያደርገዋል። ዓረፍተ ነገሯ ግን የእኔ ክፍለ ጊዜ ናት፤ አማርኛ ናት። «እሑድ» የምትለዋ ቃል ከሁለት ግሦች ፊት ቆማ ወደ ሁለቱም ታያለች፤ ማርያማዊት ወደ አንዱ ስታስጠጋት ሉቃስ ወደ ሌላው አስጠጋት። ጥፋተኛ የለም። ላጽናናው ብዬ ይኼንኑ ነገርኩት።

«ማንም ሰው እንደዚያው ነው የሚረዳው» አልኩት። «እኔም ስትደግማት ሰምቼ የመጪው እሑድ መስሎኛል።»

«አንተን አልጠሩህም» አለኝ።

ቆየት ብሎ «ልጆቹን ሁሉ ማንን ማንን ስል ከርሜ፣ አንድ ቀን ለራሴ የትኛው እሑድ ብዬ አልጠየቅሁም» አለ። «‹ነበር› የምትለዋም ነበረች እኮ። ‹ብለው ነበር› ነው ያለችኝ። እሷን ብሰማት ይበቃኝ ነበር። ደግሞስ ባልሰማት? ግማሽ ሰዓት ነው መንገዱ። ማክሰኞ ማታ ጋቢም ድንጋይም ሳልይዝ ብመጣ ማን ይከለክለኝ ነበር? እሑድ ስትለኝ ደስ አለኝ አያልነህ። ጊዜ አገኘሁ ብዬ ነው ደስ ያለኝ።»

ልክ ነበር። ሰውየው ጥፋቱን እንኳ በትክክለኛው ቦታ ነው ያስቀመጠው፣ ማረም የማልችለው ቦታ ላይ።

ሰዉ ወጥቶ ዘመድ ብቻ ሲቀር እኅቱን እንደገና ጠራት። «ለምን እንደፈለጉኝ አልነገሩሽም? ምን ሊሉኝ ነበር?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ» አለች ማርያማዊት። «ያንተን ቋንቋ ነው ሲያጠኑ የሰነበቱ። ዲያቆኑን አስጠርተው፣ ያችን የጥምቀት ጊዜ ያሏትን፣ ተማሪው የሳቀባትን፣ ድገምልኝ ይሉታል። እሳቸው ይላሉ። መሀል ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ‹አይሆንም፣ እዚያ ላይ አይቆምም› ይላሉ ራሳቸው። እንደገና ይጀምራሉ። እኔ በእግዜር ይበቃዎታል፣ ይረፉ ስላቸው ‹ሲመጣ ሳልቆም እላታለሁ› ይሉኛል። ሐሙስ ዕለት አንድ ጊዜ ሳይቆሙ ዘለቋት። ደስ አላቸው። ከዚያ አልተናገሩም።»

ሉቃስ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጥቁሩ ጭቃ ሱሪው ላይ ደርቋል።

«ታውቂያታለሽ?» አላት። «በይልኝ እስቲ።»

ማርያማዊት እንግሊዝኛ አታውቅም። ስትሰማት ስትሰማት ነው የያዘቻት። አባቷ እንዳሉት፣ ድምፅዋን እንደ ዳዊት ንባብ ከፍ አድርጋ፣ በአንድ ትንፋሽ «አይ አም ፋዘር ኦፍ ኢንግሊሽ ቲቸር» አለች።

የትም ላይ አልቆመችም። ነገር ግን ከ«ኢንግሊሽ» ፊት መግባት የነበረባት «አን» የምትባል አንዲት ትንሽ ቃል አለች። መሪጌታ መጀመሪያም አልለመዷትም፣ አሁንም የለችም። እኔ የአማርኛ አስተማሪው እንኳ እንደጎደለች አውቃለሁ። እኅቱ ቀና ብላ ሉቃስን አየችው፤ እንደ ተማሪ።

«ልክ ነች ወይ?» አለችው።

«ልክ ነች» አላት። «ድገሚልኝ።»